ለአባቴ ያልተረጎምኩለት ጥያቄ

አባቴ አማርኛ አይችልም ብል ውሸት ይሆንብኛል። የገበያ አማርኛ አለው። በሬ ይገዛበታል፣ ድንች ይሸጥበታል፣ ከባጃጅ ሹፌር ጋር ይከራከርበታል። መታመም ግን በአማርኛ አይችልም። «ያመኛል» ይልና ቀጥ ይላል። የቱ ጋ፣ እንዴት አድርጎ፣ ከመቼ ጀምሮ የሚለው ሁሉ ያለው በአገውኛ ነው። ስለዚህ እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በነበርኩበት ዓመት፣ እንጅባራ ሐኪም ዘንድ በመጣ ቁጥር አፉ እኔ ነበርኩ።

ሥራዬን እወደው ነበር፤ ልደብቀው አልችልም። ከቤታችን ሰው አማርኛን ከነፊደሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አባቴ አንድ ረጅም ነገር በአገውኛ ሲናገር፣ እኔ አሳጥሬና አሳምሬ ለሐኪሙ ስሰጠው፣ ሐኪሙም ራሱን ሲነቀንቅ፣ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ያልኩ ይመስለኝ ነበር። ያን ዓመት አባቴን የጎዳው ይኸው ማሳመሬ ነው።

ሕመሙ የጀመረው በጥር ነው። የእናቴ የአክስት ልጅ ሲዳር አባቴ ጫግኒ ወርዶ ሦስት ቀን ቆየ፤ በተመለሰ በሳምንቱ አተኮሰው። ከቆላ ይዘውት የሚመጡት ትኩሳት ደግሞ ስሙ የታወቀ ነው፤ ማንም ሳይመረምር «ወባ» ተባለ። የወባ መድኃኒት ዋጠ። ጥቂት ቀን ተሻለው፣ ከዚያ ተመለሰበት። ትኩሳቱ የራሱ ሰዓት ነበረው። ጠዋት ምንም ያልነካው ሰው መስሎ ከብቶቹን ያወጣል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጋቢውን ደርቦ እሳት ዳር ይኮራመታል። ሲነጋ እናቴ ሸሚዙን አስወልቃ ስትጨምቀው ውሃ ይወርደዋል። ላቡ የራሱ ሽታ ነበረው፤ ዝናብ የመታው ገለባ ዓይነት። እኔ የምማረው እንጅባራ ቤት ተከራይቼ ስለነበር ወደ ቤት የምሄደው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ስንቅ ልወስድ ነው። ያ ሽታ ገና በራፉ ላይ ይቀበለኝ ነበር።

አሁን ሳስበው ነገሩ ሁሉ ፊታችን ተዘርግቶ ነበር። በታኅሣሥ ቀይዋ ላማችን ወሯ ሳይደርስ ጨነገፈች። የእንግዴ ልጁ አልወርድ አላትና አባቴ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ አወጣላት። በቀበሌያችን ላም በተቸገረች ቁጥር የሚጠራው እሱ ነው። እጁን በአመድ ታጠበ፣ የሞተውን ጥጃ ቀበረ፣ ወደ ሥራው ሄደ። ወተትም እንደሆነ የምንጠጣው ከጡት እንደወረደ፣ አረፋው ሳይጠፋ ነው። አባቴ ማለቢያው ላይ አፉን አድርጎ የሚጠጣው ነገር ቢኖር እሱ ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ከሕመሙ ጋር ዝምድና ይኖረዋል ብሎ ያሰበ ግን ከመሐላችን አንድም ሰው አልነበረም።

ወደ ሐኪሙ ክፍል ከመግባታችን በፊት ስለ ክፍሌ ልጆች ትንሽ ልንገራችሁ። የባዮሎጂ መምህራችን አንድ ቀን ስለ ወተት ማፍላት እያስተማረ «እስቲ ጥሬ ወተት የምትጠጡ እጃችሁን አውጡ» አለ። አወጣሁ። ዞር ስል የወጣው እጅ የእኔ ብቻ ነው! የክፍሉ ግማሽ ከገጠር የመጣ ነው፤ ሁሉም እጁን ሸሽጎ እኔን አስቀደመኝ። ከኋላዬ አንዱ «እምቧ!» አለ። ሳቁ ቆርቆሮውን አናጋው። መምህሩ ከዚያ በኋላ ስለ ጥሬ ወተት ምን እንዳስረዳ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጆሮዬ ከሳቁ ሌላ ነገር አልሰማም። ከማግስቱ ጀምሮ ስሜ ጥጃ ሆነ። «በሩን ክፈቱላት፣ ጥጃዋ መጣች!» «ጥጃ፣ እናትሽን ፈትተሻታል?» እኔም ከእነሱ ጋር እስቅ ነበር። ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ ነው ሳቁ የሚያልቅብኝ።

አባቴ ሐኪም ዘንድ የመጣው በመጋቢት ነው። ዐቢይ ጾም ገብቷል። በእግሩ አንድ ሰዓት ተኩል የሚሄደውን መንገድ ያን ቀን ግማሽ ቀን ፈጀበት፤ ከሰል የጫነ ጋሪ ባያሳፍረው ኖሮ አይደርስም ነበር። ወረፋው ረጅም ነበር። አግዳሚው ወንበር ላይ የክፍሌ ልጅ ከእናቷ ጋር ተቀምጣለች። ያችው «እናትሽን ፈትተሻታል» የምትለዋ። ተራችን ደርሶ ስንገባ በሩ ገርበብ እንዳለ ቀረ፤ የልጅቷ ቢጫ ጫማ በክፍተቱ ይታየኛል።

ዶክተሩ ወጣት ነበር፤ ጢሙ ገና ቦታ ቦታ ነው የበቀለው። አገውኛ አይሰማም።

«አባት፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

አባቴ በአገውኛ ብዙ አወራ። እኔም «በየምሽቱ ብርቱ ትኩሳት ይሰማዋል፤ መገጣጠሚያውን ይቆረጥመዋል፤ ወገቡ ደግሞ አላስቀምጥ ብሎታል» አልኩ።

«ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ አስተርጓሚ» አለኝ። አንድ ክንድ ከፍ አልኩ።

ከዚያ ጠየቀኝ። «ወተት ይጠጣሉ? ጥሬውን?»

ለአባቴ አልተረጎምኩለትም። በክፍተቱ ቢጫውን ጫማ አየሁ።

«ዶክተር፣ ጾም ላይ ነን እኮ» አልኩ፣ ፈገግ ብዬ።

ዶክተሩ ሳቀ። «እሱስ ልክ ነሽ። ከጾሙ በፊትስ?»

«አፍልተን ነው የምንጠጣው።»

«የጨነገፈች ላም ወይም ፍየል ነበረቻችሁ?»

«አልነበረችም።»

አባቴ ወተት የምትለውን ቃል ያውቃታል። ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ በአገውኛ «ስለ ወተት ምን አለ?» አለኝ።

«ጾም መሆኑን ጠየቀ።»

«ሃይማኖቱን የሚያውቅ ልጅ ነው» አለ አባቴ፣ ዶክተሩን በአድናቆት እያየ።

ዶክተሩ አንድ ጥያቄ ቀረው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከታች በኩል ያበጠ ነገር አለ? የወንድ ብልቱ አካባቢ?» አለ። እኔ ፊቴ ጋለ። ይህንን በአገውኛ ለገዛ አባቴ እንዴት ብዬ ልበለው? «ሌላ የሚያምህ ቦታ አለ ወይ ይልሃል» አልኩት። አባቴ «የለም በይው» አለ። ቶሎ ነው የመለሰው፤ ከሌላው መልስ ሁሉ ቶሎ። ዓይኑን ግን ከወለሉ አላነሳም።

ደም ሰጠ። «ታይፎይድ» ተባለ። የዐሥር ቀን መድኃኒት ይዞ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ የክፍሌ ልጅ «አባትሽ ነው?» ስትለኝ «አዎ፣ ታይፎይድ ነው» አልኳት፤ የከተማ በሽታ ስለመሰለኝ በኩራት!

ፋሲካን ከቤት ዋልኩ። ጾሙ ሲፈታ ወተቱ እንደ ልብ ነው። አባቴ ታሞ እንደከረመ ሰው እየተለመነ ጠጣ። «ጉልበት ይሆንሃል» ትለዋለች እናቴ፤ ሞልቼ የማቀብለው እኔ ነኝ። የዶክተሩ ጥያቄ ትዝ አላለኝም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ትዝ ብሎኛል። ዶክተሩ ታይፎይድ ካለ ታይፎይድ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩት። ሐኪም የሚያውቀው በምርመራ እንጂ በእኔ መልስ አይደለም ብዬም ጨመርኩበት። ለራሴም አሳምሬ መተርጎም እችል ነበር።

በግንቦት ትኩሳቱ ብሶ ተመለሰ። እናቴ ጸበል ወሰደችው፤ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ከስቶ መጣ። አንድ ቅዳሜ ቤት ስደርስ ሰው የለም። ማሳ ላይ አገኘኋቸው። አባቴ የድንቹን መሬት ልረስ ብሎ በሬዎቹን ጠምዶ ወጥቶ ነበር። ሁለት ትልም ሄዷል፤ ሁለቱ ትልሞች አንዱ ከሌላው ጋር እንኳ አልተስተካከሉም። ሦስተኛው ላይ ሞፈሩን ለቆ ድንበሩ ላይ በጎኑ ተኝቷል። በሬዎቹ ቀንበሩን እንደተሸከሙ ቆመው ያመነዥካሉ። እናቴ በሬዎቹን መፍታት ትሁን አባቴን ማንሳት ጠፍቷት መሐል ቆማለች። አባቴ ቀና ብሎ አየኝና ምንም እንዳልሆነ «መጣሽ?» አለኝ።

እኛ ቤት ወንድ ልጅ የለም። ሞፈሩን የሚይዘው አንድ ሰው ነው። ያን ቀን ማታ እናቴ «ይኼ ሰው ለክረምቱ ሞፈር ካልያዘ እኛም ክረምቱን አንወጣውም» አለች፤ ለማንም ሳትናገር፣ ለምድጃው።

ሰኔ ሲገባ ወደዚያው ሐኪም መለስነው። አስፋልቱ ድረስ በወሳንሳ፣ ከአስፋልቱ በባጃጅ። ባጃጁ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር አባቴ የእኔን ትከሻ ይጨብጥ ነበር። ጉሙ ወርዶ ከተማው አይታይም። ዶክተሩ ያው ነው፤ እኔንም አልረሳኝም። «ጎበዟ አስተርጓሚ!» አለ። አባቴን ሲያይ ግን ፈገግታው ጠፋ። አስተኝቶ አከርካሪውን አንድ በአንድ ተጫነ። አባቴ ሦስተኛው ላይ ጮኸ።

ዶክተሩ ተመልሶ ተቀመጠና ወረቀት ሳበ። «ባሕር ዳር መላኬ ነው። የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ የከፋም ሊሆን ይችላል። እኔ የምጠይቀውን ሁሉ ጠይቄያለሁ፣ አንቺም በደንብ ነግረሽኛል።»

እየጻፈ ሳለ አቋረጥኩት።

«ዶክተር፣ ጥሬውን ነው የምንጠጣው።»

እስክሪብቶው ቆመ። «ምኑን?»

«ወተቱን። ላማችንም ጨንግፋለች። የእንግዴ ልጁን በእጁ ያወጣላት እሱ ነው።»

«ያኔ ጠይቄሽ አልነበረም?»

«ጠይቀውኛል።»

«ለአባትሽስ ነግረሽው ነበር ጥያቄዬን?»

«አልነገርኩትም።»

አይቆጣኝም? አልተቆጣኝም። እስክሪብቶውን አስቀምጦ በሁለት እጁ ፊቱን አሸት አሸት አደረገ፤ የደከመ ትልቅ ሰው መሰለ። አባቴ ደግሞ «ምን እያላችሁ ነው? ምን አልሽው?» ይላል በአገውኛ። ነገርኩት። የመጀመሪያ ቀን የተጠየቀውን፣ እኔ የመለስኩትን፣ ለምን እንደመለስኩ። ሳላሳጥር፣ ሳላሳምር። አባቴ አየኝ፣ አየኝና «ውጪ» አለኝ።

ወጣሁ። ከእንግዲህ ልጄ አይለኝም ብዬ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ከበሩ ማዶ ግን የአባቴ ድምፅ ይሰማኛል፤ በአማርኛ! በዚያች በገበያ አማርኛው፣ ቃል እየፈለገ፣ እየቆመ። «በሬ... ሲኮላሽ... ዶክተር፣ በሬ ታውቃለህ?» ዶክተሩ ሳቅ ብሎ ወዲያው ሳቁን ዋጠ። ለካ አባቴም የደበቀው ነበረው። ከየካቲት ጀምሮ ከታች በኩል አብጦበት፣ ልጁ አፉ ስለሆነች በልጁ አፍ ማስወጣት አፍሮ፣ ችሎ ይዞት ኖሯል። ይህንን እናቴ ናት ብዙ ቆይታ የነገረችኝ። እኔን ያስወጣኝ ተቆጥቶ አይደለም።

ዶክተሩ ሲወጣ ፊቱ ተለውጧል። «ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ አለ። ከከብት ወደ ሰው ይተላለፋል፤ በጥሬ ወተት፣ በጨነገፈ ጽንስ። ከዚህ ጋር ነው የሚገጥመው» አለኝ። መመርመሪያው ግን እሱ ዘንድ አልነበረም። ወደ አንድ የሚያውቀው የከብት ሐኪም ደወለ፤ ኔትወርኩ ሦስቴ ተቋረጠበት። ምሳ ሰዓቱን ትቶ የአባቴን ደም ራሱ ይዞ ሄደ። እኔም በጭቃው ተከተልኩት።

የከብት ሐኪሙ ጎልማሳ፣ ቦት ጫማ ያጠለቀ ሰው ነው። ደሙ ያለባትን ቱቦ ተቀብሎ «ስንት ወልዳለች?» አለ።

«ላም አይደለችም፣ ሰው ነው» አለው ዶክተሩ።

«እንኳን ነገርከኝ፤ ልኮላሽላችሁ ነበር።»

ነጭ ሰሌዳ ላይ አንድ ጠብታ ደም አደረገ፤ ቀዩ ታች ወርዶ ከላይ የቀረውን ውሃ መሳይ ነው። አጠገቡ ጽጌረዳ ቀለም ያለው ፈሳሽ ጠብ አደረገ፤ በእንጨት ቀላቅሎ ሰሌዳውን ወዲያና ወዲህ ያወዛውዝ ጀመር። ደስ የሚል ቀለም ነው፤ ክፉ ነገር ያመጣል ብላችሁ አታስቡም። ጥቂት ቆይቶ ጠብታው ልክ እንደ ተበላሸ ወተት ቋጠረ። ትንንሽ ፍርፋሪ ሆነ። «ይኸውልህ» አለ የከብት ሐኪሙ፤ ቀልዱን ትቶ። «እኛ የውርጃ በሽታ ነው የምንለው። ላሚቱንም አምጧት።» ዶክተሩ መንገድ ላይ «ይህ ምርመራ ብቻውን አይበቃም ነበር። ዛሬ ከነገራችሁኝ ጋር ግን ይበቃል» አለኝ። ዛሬ ያላትን ቃል ሳያጠነክራት ነው የተናገራት። ለእኔ ጠነከረች።

አባቴ ሲሰማ ሳቀ፣ ወገቡን ይዞ። «ስንት ላም አዋልጄ፣ የእኔን ሕመም የከብት ሐኪም ያውቀው!»

መድኃኒቱ ስድስት ሳምንት ነው። ጠዋትና ማታ የሚዋጥ እንክብል፣ ሦስት ሳምንት ደግሞ በየጠዋቱ መርፌ። ዶክተሩ ከፊቴ ቁጭ ብሎ አስጠነቀቀኝ፤ በውሃ እንጂ በወተት እንዳይውጠው፣ ትኩሳቱ ጠፋ ብሎ እንዳያቋርጥ። «ተርጉሚለት» አለ። ተረጎምኩ። «ሁሉንም ነገርሽው?» አለ። ይህ ጥያቄ ከዚያ በኋላ በሄድን ቁጥር አልቀረልኝም።

ለመርፌው ሲል አባቴ ሦስት ሳምንት የእኔ ኪራይ ቤት ተቀመጠ። አልጋው ለእሱ፣ ምንጣፉ ለእኔ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አንነጋገርም፤ አንሰማማማ! ሲያባራ እኔ ለፈተና አጠናለሁ፣ እሱ የማይገባውን አማርኛ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ልንገራችሁ? በዚያ ክፉ ክረምት እነዚያ ቀናት ደስ ይሉኝ ነበር። ደስ ባለኝ ቁጥር ግን ትኩር ብሎ ሲያየኝ እይዘዋለሁ።

አንድ ጠዋት ከመርፌ ስንመለስ፣ አባቴ ክንዴን ይዞ ከጭቃው ደረቁን እየመረጠ፣ ሁለት የክፍሌ ልጆች ከሱቅ በረንዳ «ጥጃ! ጥጃ!» አሉኝ።

«ምን ይሉሻል?»

«ጥጃ።»

ቆመ። «ስድብ ነው?»

«አዎ።»

«እኔ በእጄ ስንት ጥጃ አውጥቻለሁ» አለ። «አንዱም አሳፍሮኝ አያውቅም።» መንገዱን ቀጠለ። እኔ ግን ትንሽ ቆሜ ቀረሁ፤ ከቁጣ የበለጠ ከበደኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ለቀቀው። ላቡ ቆመ፤ ያ የገለባ ሽታም ጠፋ። ወገቡ ግን አልቃና አለ። እንክብሉ ሲያልቅ ሐምሌ ተጋምሶ ነበር። ዶክተሩ አስነሳው፣ አስቀመጠው፣ እንደገና አስነሳው።

«በሽታውን አሸንፈነዋል። አከርካሪው ግን ተጎድቷል። ቀደም ብለን ደርሰንበት ቢሆን ኖሮ...» አለና ወደ እኔ አይቶ ተወው።

ተረጎምኩት። ቀደም ብለን ደርሰንበት ቢሆን ኖሮ የሚለውንም፣ ሳይጨርሰው መተዉንም።

«ሞፈር እይዛለሁ ወይ በይው» አለ አባቴ።

«ለዚህ ክረምት አይሆንም። ለሌላው ጊዜም ቃል አልገባም» አለ ዶክተሩ።

ይህንንም ተረጎምኩት። አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ጋቢውን አስተካከለ፤ በአማርኛ «እግዜር ይስጥልኝ» አለው።

ቤት ስንገባ ጎረቤታችን መሬቱን በእኩል ሊያርስ፣ ምርቱን ለሁለት ልንካፈል፣ ከእናቴ ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል። ጎረቤታችን በማግስቱ ጠዋት በሬዎቹን ሊወስድ መጣ። አባቴ ደጃፉ ላይ በርጩማ ተቀምጧል። ሰውየው ገመዱን በእጁ እየጠመጠመ «አይ ጋሼ፣ አንቱን ያበላሸ ያ ጎረምሳ ሐኪም ነው። ወር ሙሉ ታይፎይድ ታይፎይድ ሲል!» አለ።

«ልጅ ነው፤ ልጅ ምን ያውቃል» አለ አባቴ።

ይህንን ሲል የመጀመሪያው አልነበረም። ሊጠይቁት ለመጡት ሁሉ፣ ለእናቴ ዘመዶች፣ ለቄሱ ሳይቀር እንዲሁ ነበር የሚለው። እኔም አጠገቡ ቆሜ እሰማ ነበር። ያ ዶክተር ምሳውን ትቶ በጭቃ ሲሮጥ ታየኝ።

«ዶክተሩ መጀመሪያ ቀን ጠይቆ ነበር» አልኩ በአገውኛ። «እኔ ነኝ የዋሸሁት። ጥሬ ወተት አንጠጣም፣ የጨነገፈች ላም የለችንም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ጎረቤታችን መጀመሪያ ሳቀ። «ተማሪዋ ደግሞ ለሐኪም ጥብቅና ቆመች» አለ። አባቴን አየ። አባቴ አልሳቀም። ሰውየው ገመዱን መጠምጠሙን ተወው። በሬዎቹን ፈትቶ ነዳቸው።

አባቴ ከተቀመጠበት «ቀዩን በግራ ጥመደው! በቀኝ አይሄድልህም!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ብቻ ድሮ የነበረው ነው። በሬዎቹ አጥሩን ዞረው እስኪጠፉ ድረስ አያቸው።

«ለምን ነገርሽው? እኔ ምስጢሩን ይዤልሽ ነበር እኮ።»

ከትከሻው የወረደውን ጋቢ መለስኩለት።

«አሁን አገር ሁሉ ይሰማል።»

«ይስማ» አልኩት።

ዓይኑን ከአጥሩ መለሰ። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ፤ ልነሳ ማለቱ ነው። በሁለት እጄ ያዝኩት። አንዴ ሞከርን፣ አልሆነም። ትንሽ አረፈና እንደገና ሞከርን።